የቺንግ አልጋ ወራሾች ትረካና የዘር ሐረግ ሰንጠረዥ፦ ከጅማ ከመግዛታችሁ በፊት

ሂርማታ መርካቶ አካባቢ ካሉት ሙዚቃና ትረካ ጫኝ ቤቶች በአንዱ የሚሸጥ ጥቅል አለ። የቻይና የመጨረሻው ንጉሣዊ ቤት፣ የቺንግ ሥርወ መንግሥት፣ አልጋ ወራሽ እየሳሳበት ሄዶ እንዴት ባዶ እጁን እንደቀረ የሚተርክ 18 ክፍል የድምፅ ሥራ ነው። ትረካው ፍላሽ ወይም የስልክ ሜሞሪ ላይ ይጫናል፤ አብሮት በኤ3 ወረቀት የታተመ፣ ላሚኔት የተደረገ የዘር ሐረግ ሰንጠረዥ ይሰጣል። ዋጋው ከአንድ ኪሎ ደህና ቡና አይበልጥም። በአማርኛ በዚህ ጉዳይ ላይ ይህን ያህል የተደከመበት ሥራ ብዙም ስለማይገኝ ግዙት እንላለን። ሰንጠረዡን ግን ሳታርሙ ግድግዳ ላይ እንዳትሰቅሉት።

ምክንያቱ ይህ ነው። ሰንጠረዡ ከላይ እስከ ታች አንድ ቀጥ ያለ መስመር ይዞ ይወርዳል፤ የመጨረሻዎቹ አራት ነገሥታትም በዚያው መስመር ላይ ናቸው፦ ሺየንፈንግ፣ ከሥሩ ቶንግዢ፣ ከሥሩ ጓንግሹ፣ ከሥሩ ፑዪ። ያየው ሰው ሁሉ አባት፣ ልጅ፣ የልጅ ልጅ ብሎ ያነበዋል። ቶንግዢ ግን ልጅ ሳይወልድ ሞቷል። ጓንግሹም እንደዚሁ። ፑዪም እንደዚሁ። የታሪኩ እምብርት ያ መስመር መቆረጡ ሆኖ ሳለ ሰንጠረዡ ቀጥሎ ስሎታል። (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመቶች፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከሚመሰገነው እንጀምር። ትረካው የሚነሣው ወራሽ ከጠፋበት ሳይሆን ከተትረፈረፈበት ዘመን ነው። ከ1661 እስከ 1722 የነገሠው ካንግሺ 35 ወንዶች ልጆች ተወልደውለታል፤ በጨቅላነታቸው የሞቱት ሲቀነሱ የወንድማማችነት ተራ ቁጥር ያገኙት 24 ናቸው። ሁለተኛውን፣ ዪንረንግን፣ ገና ዳዴ በሚልበት ዕድሜ አልጋ ወራሽ ብሎ በአዋጅ ሾመው። ከዚያ በኋላ የሆነውን ክፍል 2 እና 3 በጥሩ ፍጥነት ያስኬዱታል። አልጋ ወራሹ ማን እንደሆነ አገር ሁሉ ካወቀ ባለሟሉ ነገ የሚነግሠውን አይቶ በእሱ ዙሪያ ይሰበሰባል፤ የቀሩት ወንድማማቾች እሱን ለመጣል ይዶልታሉ፤ አባትየው ደግሞ የገዛ ልጁን እንደ ባላጋራ መጠርጠር ይጀምራል። ካንግሺ ዪንረንግን በ1708 ሻረው፣ በ1709 መለሰው፣ በ1712 ዳግመኛ ሻረው፤ ከዚያ ወዲያ በአዋጅ የተሾመ ወራሽ ሳይኖር ሞተ። አራተኛው ልጅ ዮንግጀንግ ተብሎ ሲነግሥ ከተቀናቃኞቹ ወንድሞቹ ስምንተኛውና ዘጠነኛው ከንጉሣዊው ቤተሰብ መዝገብ ተፍቀው፣ ታስረው በ1726 ሞቱ። ተራኪው የወንድማማቾቹን ሽኩቻ ሳያጋንን፣ ማን ከማን ጋር እንደቆመ በስም እየለየ ያስረዳል። ከጠቅላላው ሥራ እጅግ የተዋጣለት ይህ ነው።

ክፍል 4 ስለ ሣጥኑ ነው፤ እሱም ጥሩ ነው። ዮንግጀንግ በራሱ ላይ የደረሰውን አይቶ በ1723 አዲስ ሥርዓት አወጣ። ንጉሡ የመረጠውን ልጅ ስም በምስጢር ጽፎ ሣጥን ውስጥ ያሽገዋል፤ ሣጥኑ ቺየንቺንግ በሚባለው አዳራሽ፣ ከዙፋኑ በላይ ከተሰቀለው ሰሌዳ ጀርባ ይቀመጣል። ሌላ ቅጂ ከንጉሡ ዘንድ ይቆያል፤ ንጉሡ ሲሞት ሁለቱ ይመሳከራሉ። ቺየንሎንግ፣ ጅያቺንግ፣ ዳውጓንግና ሺየንፈንግ የነገሡት በዚህ መንገድ ነው። ትረካው ያልሳተው አንድ ቁም ነገር፣ ሥርዓቱ ሽኩቻን እንጂ ሞትን አያስቀርም የሚለው ነው። ቺየንሎንግ መጀመሪያ የጻፈው የዮንግሊየንን ስም ነበር፤ ልጁ በ1738 ሞተበት። ቀጥሎ ያሰበው የዚያው እቴጌ ልጅ ሁለት ዓመት እንኳ ሳይሞላው ፈንጣጣ ወሰደው። እስከ መጨረሻው የዘለቀው ምርጫ በ1773 የተጻፈው ነው።

የዳውጓንግ ሣጥን በተለይ ሊደመጥ ይገባል። ዘጠኝ ወንዶች ልጆች ነበሩት፤ ሦስቱ ታላላቆች ቀድመውት ሞቱ፣ አምስተኛው ልጅ ላልነበረው ለሌላ የልዑላን ቤት ወራሽ እንዲሆን ተሰጠ፤ በዕድሜ የደረሱና ሊመረጡ የሚችሉ አራተኛውና ስድስተኛው ብቻ ቀሩ። በ1850 ሣጥኑ ሲከፈት ሁለት ስም ተገኘበት፦ አራተኛው ዪዡ (በኋላ ሺየንፈንግ የተባለው) አልጋ ወራሽ ይሁን፣ ስድስተኛው ዪሺን ደግሞ የመጀመሪያ ማዕረግ ልዑል ይሁን የሚል። እንዲህ ያለ ወረቀት በቺንግ ታሪክ ሌላ የለም። ተራኪው ሁለተኛውን ስም ዘሎታል፤ መዝለሉ ደግሞ በኋላ ያስከፍለዋል፤ በ1861 ከሺየንፈንግ መበለትና ከቶንግዢ እናት ከፂሺ ጋር ሆኖ የሕፃኑን ንጉሥ ሞግዚቶች የገለበጠው ይኸው ዪሺን ነውና። አድማጩ ክፍል 9 ላይ ሲደርስ ይህ ሰው ከየት መጣ ብሎ ይደናገራል።

አሁን ወደ ቁጥሩ። ሰንጠረዡ በእያንዳንዱ ንጉሥ ስም ጎን የወንድ ልጆቹን ብዛት ጽፏል፤ ይህ በጣም የሚያግዝ ነገር ነው፣ ትክክልም ነው፦ ካንግሺ 35፣ ቺየንሎንግ 17፣ ጅያቺንግ 5፣ ዳውጓንግ 9፣ ሺየንፈንግ 2፣ ቶንግዢ ምንም፣ ጓንግሹ ምንም፣ ፑዪ ምንም። ከሺየንፈንግ ሁለት ልጆች አንዱ በ1858 ተወልዶ ወዲያው ሞቷል። ይህን ዓመት በእስክሪብቶ አስምሩበት። ከዚያ በኋላ ዙፋኑ እስከተለቀቀበት እስከ 1912 ድረስ፣ ለ54 ዓመት፣ በዙፋን ላይ ለተቀመጠ ንጉሥ አንድም ልጅ አልተወለደም።

ትረካው ለዚህ የሰጠው ምክንያት ግን ደካማ ነው። ክፍል 10 ላይ «በዘሩ ላይ የወረደ እርግማን» ብሎ ያልፈዋል። በእጃችን ያለው መልስ ከእርግማን የተሻለ ነው። ሺየንፈንግ የሞተው በ30 ዓመቱ ነው። ቶንግዢ ነግሦ ያገባው በ1872 ሲሆን በጥር 1875 በ18 ዓመቱ ሞተ፤ ይፋዊው መዝገብ ምክንያቱን ፈንጣጣ ይለዋል። ጓንግሹ ከልጅነቱ ጀምሮ በሽተኛ ነበር፤ በ1889 ሲያገባ እቴጌ ተደርጋ የተሰጠችው የፂሺ የወንድሟ ልጅ ስትሆን ከእሷ ጋር ፍቅር አልነበራቸውም፤ የሚወዳት ዕቁባቱ በ1900 ሞተች፤ እሱ ራሱ ከ1898 ጀምሮ በቁም እስር ላይ ነበር። ይህ ሁሉ ሲደመር ልጅ አለመወለዱ አያስገርምም።

ከዚህ የሚበልጠው ነጥብ ደግሞ ይህ ነው፤ ወንድ ልጅ የጠፋው ከንጉሡ እልፍኝ እንጂ ከቤተሰቡ አይደለም። የሺየንፈንግ ወንድም ዪሹዋን ብቻውን 7 ወንዶች ልጆች ነበሩት። ወራሽ እንዲጠብ ያደረገው ምርጫ ነው። ሲነግሡ ቶንግዢ 5፣ ጓንግሹ 3፣ ፑዪ 2 ዓመታቸው ነበር። ትልቅ ሰው ከነገሠ ሞግዚት አያስፈልግም፤ ሞግዚትነቱን ይዞ ለመቆየት የፈለገ ደግሞ ሕፃን ይመርጣል። ትረካው ሦስቱን ዕድሜዎች በተለያየ ክፍል ይጠቅሳቸዋል እንጂ አንድም ቦታ ጎን ለጎን አያስቀምጣቸውም። ጎን ለጎን ቢያስቀምጣቸው ኖሮ አድማጩ ራሱ ይረዳው ነበር።

ይህ ሁሉ የሚጠራቀመው ክፍል 11 ላይ፣ ቶንግዢ በሞተበት በጥር 12 ቀን 1875 ሌሊት ነው። ነገሩን ለመረዳት የትውልድ ፊደሉን ማወቅ ይበቃል፤ ሰንጠረዡ ግን ይህን አንድ ቃል አላለም። በቺንግ ቤት የአንድ ትውልድ ልጆች ሁሉ ስማቸው በአንድ ዓይነት ቃል ይጀምራል። የካንግሺ ልጆች ዪን፣ ከዚያ ሆንግ፣ ከዚያ ዮንግ፣ ከዚያ ሚየን፣ ከዚያ ዪ፣ ከዚያ ዛይ፣ ከዚያ ፑ። ቶንግዢ የንግሥና ዘመኑ መጠሪያ ነው፤ የራሱ ስም ዛይቹን ነበር። ጓንግሹ ዛይቲየን ይባላል። ሁለቱም ዛይ ናቸው፤ የአጎት ልጆች ማለት ነው። ሥርዓቱ ለሞተው ለዛይቹን ከፑ ትውልድ ልጅ እንዲገባለት ያዝዝ ነበር፤ ምክንያቱም ለሟቹ እንደ አባት መሥዋዕት የሚያቀርብለት ከእሱ በታች ያለ ትውልድ ነው። ከፑ ትውልድ ፑሉን የሚባል ሕፃን ስሙ ተነሣ፤ የፑሉን አባት በጉዲፈቻ ወደ ዋናው ቅርንጫፍ የገባ እንጂ በደም የቀረበ አይደለም ተብሎ ተጣለ። እውነተኛው ችግር ግን ሌላ ነው። ከፑ ትውልድ ቢነግሥ ፂሺ የንጉሡ አያት ትሆናለች፤ የንጉሥ እናት የሚለው ቦታና ሞግዚትነቱ ወደ ቶንግዢ መበለት ሊዞር ይችላል። ከዛይ ትውልድ ቢነግሥ ግን አዲሱ ንጉሥ ለሺየንፈንግ በጉዲፈቻ ይገባል፣ እሷም እናት እንደሆነች ትቀጥላለች። ዛይቲየን የባሏ የሺየንፈንግ ወንድም ልጅ ነው፤ እናቱ ደግሞ የፂሺ እኅት ናት። ስሙ ሲጠራ አባትየው ዪሹዋን ግንባሩን መሬት እየመታ አለቀሰ፣ ራሱን ስቶ ወደቀ፤ ደግፈው ሊያነሡት ቢሞክሩ አልቻሉም። ይህን የጻፈው በቦታው የነበረ ባለሥልጣን ነው። ተራኪው ይህን ትዕይንት በእርጋታ፣ ድምፁን ሳያንቀጠቅጥ ያነበዋል፤ በጣም ያምራል።

ጉዲፈቻ ምን እንደሆነ ለጅማ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም፤ በጉዲፈቻ የገባ ልጅ ልጅ ነው። ለዚህ ነው ሰንጠረዡን የሠሩት ሰዎች ጓንግሹን በቀጥታ መስመር ማውረዳቸው የሚገባን። ነገር ግን በጉዲፈቻ የገባው ለሺየንፈንግ ነው፣ ለቶንግዢ አይደለም። ቶንግዢ ያለ ልጅ ቀረ። ጓንግሹ ወንድ ልጅ ሲወልድ ያ ልጅ ለቶንግዢ ይሰጣል የሚል የተስፋ ቃል ወጣ፤ በ1879 ዉ ከዱ የሚባል ባለሥልጣን ይህ ቃል በጽኑ እንዲታሰር የሚጠይቅ አቤቱታ ጽፎ ራሱን ገደለ። ትረካው ይህን ሰው ጨርሶ አያነሣውም። ከተዉት ሁሉ እጅግ የሚያሳዝነን ይህ ነው፤ አንድ ሽማግሌ ነፍሱን የሰጠበት ጉዳይ ሦስት ደቂቃ አያጣም ነበር። በ1900 መጀመሪያ ላይ ፑጁን የተባለ ልጅ ለቶንግዢ ወራሽ ተብሎ ሲሾም፣ በ1901 ደግሞ አባቱ ቦክሰሮች የተባሉትን የውጭ ዜጎችን የሚቃወሙ ዐመፀኞች በመደገፉ ሲነሣ፣ ይህ ለምን እንደሆነ አድማጩ የሚረዳው ዉ ከዱን ካወቀ ብቻ ነው።

ሰንጠረዡን እንዲህ አርሙት። ላሚኔት ከመደረጉ በፊት ወረቀቱን ጠይቁ፣ ይሰጧችኋል፤ ላሚኔት ከሆነም በቋሚ ማርከር ጻፉበት፣ ከተሳሳታችሁ በአልኮል ይለቃል። በቶንግዢና በጓንግሹ መካከል ያለውን ቁም መስመር ሰርዙ፤ በጓንግሹና በፑዪ መካከል ያለውንም። ወደ ዳውጓንግ ተመለሱ። ከእሱ ሁለት ቅርንጫፍ አውርዱ፤ በግራ ሺየንፈንግ፣ በቀኝ ዪሹዋን። ከሺየንፈንግ ሥር ቶንግዢን ብቻ ጻፉና መስመሩን እዚያው ዝጉት። ከዪሹዋን ሥር ሁለት ስም፦ ዛይቲየን፣ ማለትም ጓንግሹ፣ እና በእናት የሚለየው ታናሽ ወንድሙ ዛይፈንግ። ፑዪ ከዛይፈንግ ሥር ይገባል። ስለዚህ ጓንግሹ ለፑዪ አጎቱ ነው። ከዚያ በነጠብጣብ መስመር ጉዲፈቻውን አሳዩ፤ ከሺየንፈንግ ወደ ጓንግሹ አንድ፣ ከቶንግዢ ወደ ፑዪ አንድ፣ ከጓንግሹ ወደ ፑዪ ሌላ። ፑዪ በ1908 ሲነግሥ ለቶንግዢ ልጅ፣ ለጓንግሹም ደራቢ ወራሽ ተብሎ ነውና ሁለት ነጠብጣብ ይደርሱታል። በየረድፉ ጠርዝ ላይ የትውልዱን ቃል ጻፉ፤ ዪ፣ ዛይ፣ ፑ። ይህን ያህል ከጨረሳችሁ ከክፍል 10 በኋላ አትጠፉም።

ሌላው ስሕተት የዘመን አቆጣጠር ነው። ሰንጠረዡ ጓንግሹ የሞተበትን ዓመት 1901፣ ፑዪ ዙፋን የለቀቀበትን 1912 ብሎ ጽፏል። የመጀመሪያው በእኛ አቆጣጠር፣ ሁለተኛው በአውሮፓውያን ነው፤ እንዲያ ሲነበብ ፑዪ 11 ዓመት የነገሠ ይመስላል። የነገሠው ሦስት ዓመት ከጥቂት ወር ነው። ጓንግሹ የሞተው ኅዳር 5 ቀን 1901 ዓ.ም.፣ ፂሺ በማግስቱ፤ ዙፋኑ የተለቀቀው የካቲት 4 ቀን 1904 ዓ.ም. ነው። አንዱን መርጣችሁ ሁሉንም ወደዚያ ቀይሩ። የእኛን ብትመርጡ አንድ ጥቅም አለው፤ የሁለት ዓመቱ ፑዪ የነገሠበትና አፄ ምኒልክ ልጅ ኢያሱን ወራሻቸው አድርገው ያሳወጁበት ዓመት አንድ፣ 1901 ዓ.ም.፣ መሆኑ ወዲያው ይታያል። ተራኪው ራሱ ለጅማ አድማጭ ጥሩ ማነጻጸሪያ አስገብቷል፤ አባ ጅፋር ዳግማዊ ጅሬን ላይ የነገሡት በ1878፣ ጓንግሹ በነገሠ በሦስተኛው ዓመት፣ ያረፉትም በ1932፣ ጃፓኖች ፑዪን በሰሜን ምሥራቅ ቻይና ባቋቋሙት አሻንጉሊት መንግሥት፣ በማንቹኩዎ፣ ላይ ባስቀመጡበት ዓመት ነው ይላል። ትክክል ነው።

ሁለት ቦታ ላይ ወሬ እንደ እውነት ተነግሯል። ክፍል 11 የቶንግዢ መበለት ነፍሰ ጡር ነበረች ይላል። ባሏ ከሞተ ከሁለት ወር ተኩል በኋላ መሞቷ እርግጥ ነው፤ እርግዝናው ግን ወሬ ነው። ክፍል 15 ፂሺ ጓንግሹን መርዛ ገደለችው ይላል። በ2008 ይፋ የተደረገው ምርመራ በፀጉሩና በልብሱ ላይ ለመግደል የሚበቃ አርሰኒክ ማግኘቱ እውነት ነው፤ ማን እንደሰጠው ግን ምርመራው አልተናገረም። ሁለቱም ቦታ «ይባላል» የምትል አንዲት ቃል ትበቃ ነበር።

አጫጫኑን በተመለከተ፣ ፋይሎቹ «ክፍል 1»፣ «ክፍል 2» ተብለው ስለተሰየሙ ብዙ ማጫወቻ ከክፍል 1 ቀጥሎ ክፍል 10ን ያጫውታል፤ ከካንግሺ ሹመት ዘላችሁ የቶንግዢ ሞት ላይ ታርፋላችሁ፣ ከ18 በኋላ ደግሞ ወደ ክፍል 2 ትመለሳላችሁ። ከመጫኑ በፊት የመጀመሪያዎቹን ዘጠኝ 01፣ 02 እያሉ እንዲሰይሙላችሁ ጠይቁ። አንዳንድ የመኪና ማጫወቻ በስም ሳይሆን በተቀዳበት ቅደም ተከተል ነው የሚያጫውተው፤ ስለዚህ ስሙ ከተቀየረ በኋላ ፍላሹ ባዶ ይደረግና ፋይሎቹ አንድ በአንድ በተራ ይቀዱ። 64 ጊጋና ከዚያ በላይ ፍላሽ አብዛኛውን ጊዜ በኤክስፋት ስለሚመጣ የቆየ ቴፕ አያነበውም፤ 32 ጊጋ ወይም ከዚያ በታች፣ ፋት32 የተደረገ ይሻላል። የድምፁ ጥራት ደህና ነው፤ ክፍል 6 እና 7 ላይ ብቻ ከጀርባ ያለው ሙዚቃ ንግግሩን ይጫነዋል፣ በጆሮ ማዳመጫ ስሙት።

የመጨረሻዎቹ ሦስት ክፍሎች የፑዪ ናቸው፤ ከሌላው ጋር ሲተያዩ ችኩል ናቸው። አምስት ሚስቶች አግብቶ ልጅ ሳይወልድ በ1967 ቤጂንግ መሞቱን ያነሣል፣ የወንድሙን የፑጂየን ሁለት ሴቶች ልጆች ግን ይዘላል። ሰንጠረዡን ብቻ ለሚፈልግ ለብቻው ያትሙለታል፤ ለሁለተኛ ደረጃ የታሪክ መምህር የሚጠቅመው ትረካው ከ1 እስከ 5 እና ክፍል 11፣ ከተስተካከለ ሰንጠረዥ ጋር ነው። ያረማችሁትን ወረቀት ፎቶ አንሥታችሁ ለቤቱ ብታሳዩ ቀጣዩን ኅትመት በዚያ መልክ ለማውጣት ፈቃደኞች ናቸው።